አካል ጉዳተኛ ጀግኒት በወጣቶች ምናባዊ ልብ ወለድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐረር ጀጎል ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በሚሰበሰበው የጽሑፍ ክበባችንና ከድሬዳዋ አንባቢዎች ደጋግመው የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ምናባዊ ልብ ወለድ ስንል ምን ማለታችን ነው? ለማንስ ነው የሚጻፈው?

እኛ ከምናውቀው ዓለም ሕግ ውጭ የሆነ ነገር የሚፈጸምበት ታሪክ ነው። በር ይናገራል፣ ጅብ ውለታ ይቆጥራል፣ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው አሚር ደብዳቤ ይልካል። ያም ሆኖ ታሪኩ የራሱ ሕግ አለው፤ ሕጉን አንዴ ካወጣ በኋላ ሲቸግረው አያፈርሰውም። «ፋንታሲ» የሚሉትም አሉ፤ ሁለቱም ያግባባሉ።

«የወጣቶች» የምንለው ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የታሰበውን ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይም በዚያው ዕድሜ ትገኛለች፤ የሚያስጨንቃትም የዚያው ዕድሜ ጭንቀት ነው። ከቤት ስወጣ ማን ይቀበለኛል? ማንን ልመን? እናቴ የምትፈልገኝን ልሁን ወይስ ሌላ?

ተረት አለን አይደል እንዴ? ከተረት በምን ይለያል?

ተረት መነሻችን ነው፤ አልክደውም። ግን በተረት ውስጥ አካል ጉዳተኛ ስም የለውም። «አንድ ዕውር ነበር» ተብሎ ይጀመራል፤ ሰውየው ምን እንደሚወድ፣ ማንን እንደተቀየመ፣ ጠዋት ምን እንደበላ አንሰማም። ዕውሩ አንካሳውን ተሸክሞ፣ አንካሳው መንገድ እያሳየ የሚሄዱበትን ተረት ብዙዎቻችን ሰምተናል። ያምራል። ግን ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ሁለት ሰዎች ተደምረው አንድ ሙሉ ሰው ወጣቸው እያለን ነው። ልብ ወለዱ የሚጀምረው ይህን ሒሳብ በመተው ነው። ልጅቷ ብቻዋን ሙሉ ናት፤ ጓደኛ የሚያስፈልጋት ለማንኛችንም በሚያስፈልገን ምክንያት ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ምን ተብላ ትጠራ?

በስሟ። ተራኪው ጉዳቷን መጥቀስ ሲኖርበት አካል ጉዳተኛ፣ ማየት የተሳናት፣ መስማት የተሳናት፣ ዊልቸር ተጠቃሚ ማለት ይበቃል። በንግግር ውስጥ ግን ሰው እንደሚናገረው ይናገር። «የደንቆሮ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» የሚል ሽማግሌ ታሪኩ ውስጥ ካለ፣ አፉን አትዝጉት፤ መስማት የተሳናት የልጅ ልጁ ከንፈሩን አይታ ምን እንደተሰማት ግን ጻፉ።

ከስድቡ ይልቅ የሚከብደው ማዘኑ ነው። በክራንች እየሄድኩ በመንገድ ሳልፍ የማያውቁኝ ሴቶች «እግዜር ይማርሽ» ይሉኛል፤ ታምሜ እንዳልሆነ፣ ዳቦ ልገዛ እየሄድኩ እንደሆነ አያስቡም። አንዲት የክበባችን ልጅ ይህን አንዲት ቃል ወስዳ በመጽሐፏ ውስጥ እርግማን አደረገቻት፦ በተባለች ቁጥር ጀግኒቷ አንድ ሰዓት ታምማ ትተኛለች። እስካሁን ካነበብኳቸው ሐሳቦች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

መቼቱን ሐረር ላድርገው ወይስ ድሬዳዋ?

ይህ ምርጫ ከምታስቡት በላይ ታሪኩን ይወስነዋል። በጀጎል ውስጥ 368 ጠባብ መንገዶች አሉ ይባላል። ብዙዎቹ ድንጋይ የተነጠፈባቸው፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ሁለት ሰው ሲተላለፍ ትከሻ ለትከሻ ይነካካል። ዊልቸር እዚህ ሩቅ አይሄድም። ክራንች ይሄዳል፤ ግን ክረምት ላይ ድንጋዩ ሲረጥብ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ ካለቀች ሰው ይጥላል። እኔ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ከአሮጌ የመኪና ጎማ አስቆርጬ ነው የማስገጥመው፤ ሦስት ወር ሳይሞላት በአንድ ጎኗ አልቃ ትገኛለች። ለምን በአንድ ጎኗ? ሁልጊዜ የምደገፈው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። የጀግኒታችሁን ክራንች ጫፍ ገልብጣችሁ ብታዩ ምን ታያላችሁ? ይህን ካወቃችሁ አረማመዷን አወቃችሁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሐረሪዎች ቤት እንግዳ የሚቀመጥበት ነደባ በተለያየ ከፍታ የተሠራ መደብ ነው፤ አምስት ነደባዎች አሉ፣ እያንዳንዱም ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ መቀመጫ ነው፤ ከዚያ ሆኖ በሩን ያያል። እንግዲህ ክብርና ከፍታ አንድ በሆኑበት ክፍል ውስጥ፣ መውጣት የሚያስቸግራት ልጅ በአሚሩ ፊት ቀረበች እንበል። የት ትቀመጣለች? ማን ይወርድላታል? ጦርነት ሳይጻፍ አንድ ምዕራፍ እዚህ አለ።

ድሬዳዋ ሜዳ ናት። ከዚራ የተባለችው ሰፈር ሰፊና ዛፍ የተተከለባቸው መንገዶች ስላሏት ዊልቸር ይነዳባታል፤ ወደ ሌላው ሰፈር ወደ መጋላ ለመሻገር ግን የደቻቱ ወንዝ አለ። ደረቅ ሲሆን አሸዋው ጎማ ይውጣል፤ ሲሞላ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2006 ያየ ሰው አይረሳም። ቤተሰብ ያጡ ሰዎች ዛሬም አብረውን ስለሚኖሩ ያን ጎርፍ ለጌጥ አታምጡት። ስለ ድሬ ሁልጊዜ የምናገረው ሌላ ነገር አለ፦ ከተማዋ የተወለደችው የጅቡቲው ባቡር ተራራውን ወጥቶ ሐረር እንዳይገባ በመደረጉ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ሐዲዱ ከሥር ቆመ፣ ከተማ በዙሪያው በቀለ፣ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለች። ዳገት ባልወጣ ባቡር ምክንያት ከተማ ከተወለደ፣ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት በእግሯ መውጣት የማትችል ልጅ ታሪክ እዚያ ቢጀምር የሚገርም አይደለም።

ሐረር ካለ ጅብ የግድ መግባት አለበት?

የግድ አይደለም። ግን ካስገባችሁት እንደ ቱሪስት ፎቶ አታስገቡት። በተረታችን አያ ጅቦ ሆዳምና ሞኝ ወንድ ነው። እውነተኛውን የነጠብጣብ ጅብ መንጋ የሚመሩት ግን ሴቶች ናቸው፤ ከወንዶቹ ይገዝፋሉ፣ ልጅም ማዕረጓን ከእናቷ ትወርሳለች። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ የጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ሲራመድ የሚያነክስ ይመስላል። ማታ ሥጋ ሊመገቡ ከጀጎል ፈላና በር ውጭ ሲመጡ ቆማችሁ አረማመዳቸውን እዩ። የምታነክስ ልጅ ይህን ስታይ ምን ታስባለች? እኔ በ10 ዓመቴ ሳያቸው፣ ከተማው ሁሉ ሥጋ ይዞ የሚጠብቃቸው እነዚህም እንደኔ ነው የሚሄዱት ብዬ ነበር።

የሐረር ገዥ የነበረው አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የጀጎል ግንብ ከአምስቱ በሮች ሌላ ጅብ የሚሾልክባቸው ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉት። የሙስሊሞች በዓል በሆነው በአሹራ ቀንም ለጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ይቀርባል፤ አበላላቸው የዓመቱ ዕድል ምልክት ነው ተብሎ ይታያል። በሮቹ ሲዘጉ፣ ረጅሙ ወታደር ግንብ ለመውጣት ሲታገል፣ መሬት ለመሬት መሄድ የለመደች ልጅ በጅቡ ቀዳዳ ብትወጣስ? ሥርዓቱን ግን የሚያከብሩት ሰዎች አሉና ከመጻፋችሁ በፊት ጀጎል ውስጥ ያደገ ትልቅ ሰው ጠይቁ።

የትኛውን የአካል ጉዳት ልምረጥ?

በደንብ ልታውቁት የምትችሉትን። «ማየት የተሳናት ብትሆን ለታሪኩ ያምራል» ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይጠፋበታል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጉዳት ከተማዋን በሌላ መልክ ይሠራታል።

ለምሳሌ ጀጎል ውስጥ ያለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግርን ውሰዱ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። ማየት ለተሳናት ልጅ ይህ ድምፅ የመንገድ ምልክት ነው፤ መኪኖቹ በቀኟ ካሉ ወዴት እየሄደች እንደሆነ ታውቃለች። አሁን ዓርብ ቀን ለጁምዓ መኪኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ እንበል። ለሌላው ሰው መንገዱ ያው ነው፤ ለእሷ ግን ካርታው ተጠቀለለ። አስማት የሚሠራ ጠላት ቢኖራችሁ ሊሰርቃት የሚገባው ዓይን ወይም ጆሮ ሳይሆን ያን ድምፅ ነው።

መስማት የተሳናት ልጅ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የምልክት ቋንቋ ብርሃን ይፈልጋል። ማታ መብራት ሲጠፋ እኛ መጮህ እንችላለን፤ እሷ እጇ ስለማይታይ ንግግሯ ይቋረጣል። እጅ ለእጅ ተያይዘው መዳፍ ላይ በመጻፍ የሚነጋገሩ ሁለት እህትማማቾች ያሉበት ረቂቅ ክበባችን ውስጥ ተነብቦ፣ ክፍሉ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ ነበር።

አንባቢ ይህች ልጅ መሮጥ፣ መዋጋት፣ ከተማ ማዳን ትችላለች ብሎ ያምናል?

ዝርዝሩ እውነት ከሆነ ያምናል። ቶኪዮ በተካሄደው የ2020 ፓራሊምፒክ ትዕግስት ገዛኸኝ ማየት በተሳናቸው ሴቶች የ1,500 ሜትር ውድድር ወርቅ ስታመጣ፣ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ወርቅ ነበር። የትነበርሽ ንጉሤ ማየት የተሳናት የሕግ ባለሙያ ናት፤ በ2017 እ.ኤ.አ. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። «አይቻልም» የሚል አንባቢ ካለ ጋዜጣ ያንብብ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ጫፍ ነው። ሁለት ክራንች የያዘ ሰው ነፃ እጅ የለውም። ይህን የሚረሳ ጸሐፊ ጀግኒቱን በሁለት ክራንች እያስኬደ ሰይፍ ያስይዛታል፣ ፋኖስ ያስይዛታል፣ ደብዳቤም ያስነብባታል። እኔ ቁልፍ በጥርሴ ነው የምይዘው። ነጠላዬ ከትከሻዬ ሲንሸራተት ቆሜ፣ በብብቴ ክራንቹን ደግፌ ነው የማስተካክለው፤ በዚያ ሰዓት ሰው ቢገፋኝ እወድቃለሁ። ልጅቷ መቼ ትደክማለች? ምን ላይ ትቀመጣለች? ውኃ እንዴት ትሸከማለች? እነዚህን የመለሰ ሰው የውጊያ ትዕይንቱ በራሱ ይመጣለታል።

ገጸ ባሕርያቱ በየትኛው አማርኛ ይናገሩ?

በሚሰማው። ድሬዳዋ ያደገች ልጅ «አቦ» ትላለች፤ ከኦሮምኛና ከሶማሊኛም ታመጣለች። የጀጎል ልጅ ሐረሪኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትቀላቅላለች። ትርጉሙ ከነገሩ ይገባል፤ በየመስመሩ ማብራሪያ አያስፈልግም።

እኔ የአካል ጉዳት የለብኝም፤ መጻፍ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ያለብን ሰዎች ብቻ እንድንጽፍ ቢደረግ መጽሐፉ ጥቂት፣ ሸክሙ ደግሞ የእኛ ብቻ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ረቂቁን ሳታሳትሙ ለሚመለከተው ሰው አስነብቡ፤ ሲነግራችሁም አትከራከሩ። አንድ ወጣት ጀግኒቱ በዊልቸር ሆና ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ጽፎ መጣ። ዊልቸር የምትጠቀመው ጓደኛችን አንብባ «ለምን ታለቅሳለች? እኔ የማለቅሰው ዊልቸሬ ሲሰበር ነው» አለችው። ምዕራፉን ቀየረው። አሁን ሌሊቱን ሙሉ የሚፈለገው ብየዳ የሚችል ሰው ነው።

ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች መጽሐፉን እንዴት ያገኙታል?

አማርኛ የራሱ ብሬይል አለው፤ ግን ብሬይል ማተም ውድ ነው፣ መጽሐፉም ይገዝፋል። ቀላሉ መንገድ በድምፅ መቅዳትና በስልክ ማንበቢያ የሚነበብ ንጹሕ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ገጹን ፎቶ አንስቶ መላክ አይሆንም፤ ስልኩ ምስል ብቻ ያያል። በ2013 እ.ኤ.አ. ማራካሽ ላይ የተፈረመው ስምምነት ማንበብ ለተሳናቸው ተደራሽ ቅጂ እንዲዘጋጅ የቅጂ መብት በር ይከፍታል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ስለ እሷ የተጻፈውን መጽሐፍ እሷ ካላነበበችው ለማን ጻፍነው?

ጉዳቷ ራሱ አስማታዊ ኃይሏ ቢሆንስ?

«ፈጣሪ አንዱን ሲነሳ ሌላውን ይሰጣል» ሲባል ስላደግን ይህ ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። ዓይን የላትም፣ ስለዚህ የወደፊቱን ታያለች። እግሯ አይሄድም፣ ስለዚህ ትበራለች። ችግሩ፣ ልጅቷ ልዩ ኃይል ከሌላት ቦታ የላትም ማለት ነው። ተራ አካል ጉዳተኛ መሆን፣ እንደ ወንድሟ ሰነፍ ወይም ጎበዝ መሆን አይፈቀድላትም። ጆሮዋ ስል የሆነው በተአምር ሳይሆን ስለተጠቀመችበት ነው ብትሉ ይሻላል።

አስማቱን ከጉዳቷ ሳይሆን ከፍላጎቷ አምጡት። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በክራንች የምትሄድ ጠንቋይ ጽፋለች። የመጀመሪያው የተማረችው ምትሃት ምን ይመስላችኋል? እሳት መትፋት አይደለም። ማታ ስትሄድ በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚከተላት ፋኖስ ነው፤ መያዣ እጅ የላትማ! ይህን ያሰበችው በማንም ምክር አይደለም፤ ታላቅ እህቷ ማታ ማታ ወደ ሱቅ ስትላክ የስልኳን መብራት በአፏ ይዛ ስትሄድ አይታ ነው።

ክፉው ገጸ ባሕርይ አካል ጉዳተኛ ቢሆን ችግር አለው?

በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አካል ጉዳተኛ እሱ ብቻ ከሆነና ክፋቱም ከጠባሳው የመጣ ከሆነ፣ አዎ። ጀግኒቷም፣ ጎረቤቷም፣ ጠላቷም አካል ጉዳተኛ ከሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሰዎች ናቸው።

አስማት ባለበት ዓለም ውስጥ ለምን አትድንም? መጨረሻ ላይ ብትድን ደስ አይልም?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። በልጅነቴ ልምሻ ይዞኝ ግራ እግሬ ቀረ። እናቴ አዝላኝ ጠበል ወስዳኛለች፤ ጎረቤታችን የነበሩት ሐረሪ እናት ደግሞ በየዓርቡ ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር። ሁለቱም ወደውኝ ነው፤ በእምነታቸው ላይ አንድ ክፉ ቃል አልጽፍም። በልብ ወለድ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሚመጣ ፈውስ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል። በክራንች የምትሄድ የ15 ዓመት ልጅ 300 ገጽ አንብባ፣ በመጨረሻ ጀግኒቷ ክራንቿን ጥላ ስትሮጥ ብታይ፣ መጽሐፉ የሚነግራት «አንቺ ካልዳንሽ ታሪክሽ አላለቀም» ብሎ ነው። መጽሐፉን ዘግታ ስትነሳ ክራንቿ አልጋው ሥር አለ።

ፈውስ ቀርቦላት በኩራት እምቢ የምትልበት መጨረሻም አያሳምነኝም። በብርድ ወራት እግሬ ሲቆረጥመኝ ኩራት ትዝ አይለኝም። ሕመሙን የሚያስታግስ አስማት ቢኖር እወስዳለሁ፤ እሷም ትውሰድ። ለአንድ ሌሊት ቁርጥማቱን የሚያስተኛ ቅጠል፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ክራንች ስጧት። «ለምን አልዳነችም?» ለሚለው መልስ የሚሆነውን ሕግ ግን በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አስቀምጡት፤ ለምሳሌ አስማቱ የተሰበረን ነገር ይጠግናል፣ የእሷ እግር ግን የተሰበረ አይደለም፣ እንዲህ ሆኖ ያደገ ነው።

ጀግኒቷ እኔን ትመስላለች። እናቴ ካነበበችው ታዝናለች ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቁኝ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም ረቂቃቸውን ፍራሽ ሥር ነው የሚያስቀምጡት። እህቴ፣ ጽፈሽ ጨርሺው። ከዚያ ለእናትሽ የምታነቢላትን አንድ ምዕራፍ አንቺው ምረጪ። መጽሐፉን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትስጫት፤ ሰው አጠገቧ ሳይኖርም አታንብብ።

እኔ ለእናቴ ያነበብኩላት እናትየዋ ልጇን አዝላ እያለቀሰች ወደ ጠበል የምትወጣበትን ምዕራፍ ነበር። ቡና እየቆላች ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ ምጣዱን አውርዳ «አዝዬሽስ ወጥቻለሁ፤ ግን መቼ አለቀስኩ?» አለችኝ። «ከባለ ጋሪው ጋር በዋጋ ስጨቃጨቅ ነበር። እጥፍ ጠየቀኝ፣ እምቢ ብዬ በእግሬ ሄድኩ። አንቺም ጀርባዬ ላይ ሆነሽ ትስቂ ነበር።» ምዕራፉን እንደገና ጻፍኩት። አሁን እናትየዋ ከባለ ጋሪው ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ልጅቷ ትስቃለች፣ ፈረሱም ጣልቃ ገብቶ የራሱን ዋጋ ይናገራል።